የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፊት የግድ ነው?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ በዛ፤ ከመሃል የሚገባ ሰው የማን መልስ ለማን እንደሆነ መለየት አቃተው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ከላይ ጀምሬ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

መነሻው እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኪቦርድ የሚጫወትበት ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ቀድቶ ጨርሷል። የቀረው ሽፋኑ ነው። ብሩን ያወጡት ሰውዬ የድምፃዊቷ ፊት ሽፋኑን ይሙላው፣ ስሟም ከላይ በወርቃማ ፊደል ይጻፍ ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ አንዲት ጓደኛቸው ያነሳችውን ፎቶ ይዘው ሙጭጭ ብለዋል። ፎቶው ላይ ሰው የለም። ሌሊት የተዘጋ የሱቅ በር ነው። የላሜራው ቀለም በየቦታው ተላልጧል፤ ከሥሩ ቀጭን ቢጫ ብርሃን ይወጣል። አልበሙን የሰማ ሰው ፎቶው ለምን እንደተመረጠ ወዲያው ይገባዋል። ዘፈኖቹ የሌሊት ዘፈኖች ናቸው።

እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ለክርክሬም የእንግሊዙን ባንድ የጆይ ዲቪዥንን የመጀመሪያ አልበም አነሳሁ። እነዚህ የማንችስተር ልጆች «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን እ.ኤ.አ. ጁን 1979 ሲያወጡ ገና ጀማሪዎች ነበሩ። ያም ሆኖ የሽፋኑ ፊት ላይ የባንዱ ስም የለም። የአልበሙ ስም የለም። የአንዳቸውም መልክ የለም። ጥቁር ወረቀት ነው፤ መሃሉ ላይ ተደራርበው እንደ ተራራ የሚወጡና የሚወርዱ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉ። በቃ። ዛሬ ያ ሥዕል የባንዱን አንድ ዘፈን እንኳ ሰምቶ በማያውቅ ሰው ቲሸርት ላይ ታገኙታላችሁ። ሰልባጅ ተራ የሚመላለስ ሰው ሳያየው አይቀርም።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ለመጀመሪያ አልበም ፊት ግዴታ ነው ወይ? ፎቶውን ያነሳችው ልጅስ ስሟ የት ይጻፍ? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ዘለለው። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል።

ምላሽ 1 በምርቃት ጀመረ። እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ፣ ቲሸርቱን እሱም እንደለበሰውና መስመሮቹ የልብ ምት ናቸው ብሎ እንደሚያስብ ጻፈ። ምላሽ 2 የለም አለ፤ የዘፋኙ ድምፅ በማሽን ተስሎ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ።

ምላሽ 3 ሁለቱንም አረመች። የፊዚክስ መምህርት ነች፤ አስረዳዷም እንደ ጥሩ መምህር ነው። ሥዕሉ የመጣው ከሰማይ ነው። ሲፒ 1919 የሚባል ፑልሳር የላከው የሬዲዮ ምልክት ነው። ፑልሳር ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲሞት የሚተርፈው፣ እጅግ ጥቅጥቅ ያለና በፍጥነት የሚሽከረከር ቅሪት ነው። በዞረ ቁጥር ምልክቱ አንዴ ወደ እኛ ይደርሳል። ይህኛው በየ1.337 ሰከንዱ ይደርሳል፤ የሚይዘው ግን ዓይን ሳይሆን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። እያንዳንዷ መስመር አንድ ምት ነች። ጠቅላላው 80 መስመር ነው። እሷ አባዝታ እንዳሳየችው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚለብሰው ሥዕል ሁለት ደቂቃ ያልሞላ የኮከብ ምልክት ነው። ይህን ሳነብ ሽፋኑን እንደገና አውጥቼ አየሁት። መስመሮቹ ዳርና ዳር ላይ ዝም ብለዋል ማለት ይቻላል። መሃል ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድነት ይነሳሉ፤ ግን አንዷም ከሌላዋ ጋር አንድ ዓይነት አይደለችም። ከበሮው ላይ ሰዓት የማይስተው የዚያ ባንድ ሙዚቃም እንዲሁ ነው።

ምላሽ 4 ታዲያ የኮከብ ነገር እንዴት ሙዚቀኞች እጅ ገባ ብሎ ጠየቀ። መልሱን ምላሽ 5 ላይ ያመጣው ዲሲ የሚኖር የሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢ ነው። ረጅም ጻፈ፤ ግን ፍሬ አለው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የካምብሪጅ የሥነ ፈለክ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነበር። ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሏል። ከበሮ መቺው ስቲቨን ሞሪስ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ከባንዱ ነው የመጣው። ወስደው ለፒተር ሳቪል ሰጡት። ሳቪል አልበሙን ያወጣው የሙዚቃ አሳታሚ፣ የፋክተሪ፣ ዲዛይነርና ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፤ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ ላይ መስመሩ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ ነው። ባንዱም ውጪው ነጭ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ሳቪል ገለበጠው፤ ውጪውን ጥቁር፣ ውስጡን ነጭ አደረገ። ወረቀቱንም ሲዳሰስ ሸካራ የሚል መረጠ። እኚህ ሰብሳቢ ሽፋኑን ጨለማ ውስጥም ቢሆን በጣታቸው እንደሚለዩት ጻፉ። እኔም አምናቸዋለሁ።

ምላሽ 6 አጭርና ስል ነበር። ክርክርህ ፈረሰ አለኝ። ሙዚቀኞቹ ይምረጡ ትላለህ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ላይ ግን ዲዛይነሩ የሙዚቀኞቹን ቃል ሽሮ የራሱን አድርጓል።

ምላሽ 7 የእኔ ነው። ሥዕሉን ያመጡት ሙዚቀኞቹ ናቸው፤ ያበሰለው ዲዛይነሩ ነው አልኩ። ሁለቱም ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ብር ያወጣው ሰው ግን እጁን አላስገባም። የፋክተሪው ቶኒ ዊልሰን ለመጀመሪያው 10,000 ቅጂ የራሱን ቁጠባ አውጥቷል። እሱም እንደኛ ሰውዬ ገንዘቤ ነው፣ ስማቸውን በትልቁ ጻፉልኝ ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ የምለው ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። ምላሽ 8 እሳት ጎርሶ መጣ። የእንግሊዝ ባንድ ታሪክ ለአዲስ አበባ ገበያ ምን ይፈይዳል አለ። እኛ አገር አዲስ ዘፋኝ በመልኩ ካልተዋወቀ ማን ያውቀዋል? የተዘጋ በር አይቶ ብሩን የሚያወጣ ማነው? ሰውዬው ለልጆቹ ያወጡት ገንዘብ ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ እናንተ ግን በሰው ብር ጥበብ ትላላችሁ አለ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው።

ምላሽ 9ን ሁላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። የጻፉት መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዘመን ካሴት ቤት የነበራቸው አባት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ገዢው ሁልጊዜ የዘፋኙን ስም አይጠራም ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከገጠር ይመጣና መስታወቱ ላይ ጣቱን አሳርፎ ያንን ስጠኝ ይላል። የሚያውቀው ፊቱን ነው። ፊት ሌላም ሥራ ነበረው። በኮፒ የሚቸበቸበው ካሴት ሲበዛ ኦሪጅናሉን መለያው ከቨሩ ሆነ። የኮፒው ከቨር ከኦሪጅናሉ ላይ ፎቶ ተነስቶ እንደገና ስለሚታተም የዘፋኙ ጉንጭ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የጥርሱ ንጣት ይቆሽሻል፣ ትንንሾቹ ፊደሎች ይጨፈለቃሉ። ነቄ ደንበኛ ካሴቱን ይከፍትና ከቨሩን መዝዞ፣ እጥፋቱን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። እሳቸው ስለዚህ ለምላሽ 8 በከፊል ፈረዱለት፤ ፊቱ እንጀራ አብልቶናል አሉ። ግን አንድ ነገር ጨመሩ። በእጃቸው ባለፈው ያን ሁሉ ከቨር ላይ ያቀናባሪው ስም አለ፣ የግጥምና ዜማ ደራሲው አለ፣ ስቱዲዮው አለ። የፎቶ አንሺውን ስም ግን አይተው ማስታወስ አልቻሉም። ያንን ፊት ያነሳው ሰው ማን ነበር ብለው ጠየቁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ጥያቄዬን ከእኔ በተሻለ ጠየቁልኝ።

ምላሽ 10 ወዲያው ወደ ትዝታ ወሰደን። ካሴት ቤት መስኮት ላይ የተደረደሩት ከቨሮች ከጊዜ በኋላ ሁሉም ሰማያዊ የሚሆኑት ለምንድን ነው አለ። ምላሽ 11 መለሰለት። ፀሐይ ቶሎ የምትበላው ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ነው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ስለዚህ የሁሉም ዘፋኝ ፊት በመጨረሻ ያው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከጉዳያችን ወጣ ያለ ነው፤ ግን መልሱ ስለጣፈጠኝ አላለፍኩትም።

ምላሽ 12 የሰብሳቢው ሁለተኛ ምላሽ ነው። ፊት ጥፋት አይደለም ብለው ወደ መሃል ሊያመጡን ሞከሩ። ምሳሌያቸው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካዊው ራፐር የናስ የመጀመሪያ አልበም «ኢልማቲክ» ነው። እዚያ ላይ ሽፋኑን የሞላው ፊት ነው። ግን የሕፃን ፊት ነው፤ ራሱ ናስ በልጅነቱ፣ አባቱ ያነሱት ፎቶ። አባቱ ኦሉ ዳራ ራሳቸው ሙዚቀኛ ናቸው። በልጁ ፊት ውስጥ ናስ ያደገበት የኒውዮርኩ ክዊንስብሪጅ ሰፈር ሕንፃዎች ይታያሉ። ሰብሳቢው የሚሉት፣ ያ ፊት ዘፋኙ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ መልከ መልካም መሆኑን ለማሳየት የተለጠፈ አይደለም። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የእኔ ጠብ ከፊት ጋር አይደለም። ስለ ሙዚቃው አንድም ነገር ከማይናገር ፊት ጋር ነው።

ምላሽ 13 የአንዲት ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ስለ ጥበብ ከማውራታችሁ በፊት መጠኑን ተነጋገሩ አለች። የሸክላ ሽፋን ጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሲዲ 12 ነው። የካሴት ፊቱ ከ6.5 በ10 ብዙም አይበልጥም። አሁን ደግሞ ለኢንተርኔት 3,000 በ3,000 ፒክስል ተሠርቶ ይላክና አድማጩ ስልኩ ላይ የሚያየው ጥፍር የምታክል ምስል ነው። እዚያ ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ስም አይነበብም። መነበብም የለበትም፤ ስሙ ከጎኑ በጽሑፍ አለ። የሰውዬው ሐሳብ ለካሴት ዘመን ልክ ነበር፤ ዛሬ ግን ቦታ ማባከን ነው አለች። ለልጆቹም አልራራችም። ከበሩ ሥር የሚወጣው ብርሃን ሲያንስ ይጠፋል፤ ከላይ ያለውን ጨለማ ቆርጣችሁ ብርሃኑን ወደ መሃል አምጡት አለቻቸው። ማተሚያ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት አለች። አራቱም ቀለም ተደራርቦ በተሠራ ጥቁር ላይ ቀጭን ነጭ ፊደል ሲወጣ የየቀለሙ ማተሚያ ፕሌቶች በጥቂቱም ከተዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ያበቅላል። ይህ ምክር ብቻውን ለዚህ ክር መከፈት በቂ ነበር።

ከ14 እስከ 17 ያለው ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጣ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ፑልሳሩ ነው የወሰደን። ምላሽ 14 ፑልሳርን መጀመሪያ ያየችው እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል እንደሆነች ጻፈ። የ1974ቱን የኖቤል ሽልማት ግን የወሰዱት አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽና ማርቲን ራይል ናቸው። ምላሽ 15 ተማሪ ስለነበረች ነው፣ አሠራሩ ያው ነው አለ። ምላሽ 16 በዚህ ተቆጣች። ሴት ስለሆነች ነው እንጂ በሉ፣ ምን ያሽኮረምማችኋል ብላ ወረደችበት። ከዚያም ቤል እ.ኤ.አ. በ2018 ያገኘችውን 3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በፊዚክስ ዕድል ላጡ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ እንደሰጠች አከለች። ምላሽ 17 ደግሞ እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ይህን ፑልሳር ያዩታል ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ ተመልሳ መለሰችለት። የእንጦጦዎቹ ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ሆኖ የሚሰበስቡት በዓይን የሚታይ ብርሃን ነው፤ ሲፒ 1919ን ለመስማት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ አጥፋልን አለኝ። አላጠፋሁም። ምክንያቱም ምላሽ 18 ያንኑ መንገድ ይዛ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። የሠሩትን ሰዎች እናንሳ ካላችሁ፣ ያንን ሥዕል የሠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብላ ጠየቀች። ሃሮልድ ክራፍት ይባላል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃውን ሰብስቦ፣ ምቶቹን አንዱን ከሌላው በላይ በመስመር ደርድሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ለዶክትሬት ጽሑፉ ያዘጋጀው ነው። ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም። ያስፈቀደውም ሰው የለም። ነገሩን የሰማው ኋላ ከሥራ ባልደረባው ነው። ሙዚቃ ቤት ሄደ፤ እውነትም ሥዕሉ እዚያ ነበረ። አልበሙንም ፖስተሩንም ገዛ፤ የገዛ ሥራውን በገንዘቡ። ምላሽ 18 የጻፈችው ይህን ብቻ ነው። አስተያየት አልጨመረችም።

እኔ ግን እጨምራለሁ። ያንን ሽፋን እወደዋለሁ፤ ከሚወደዱት ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ሆኖም የሳቪል ስም ሲነሳ የክራፍትም መነሳት አለበት። መስመር ለመስመር መደርደሩ፣ ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን እንዲሸፍን ማድረጉ፣ ያ ሁሉ የክራፍት ነው። ዓለም የወደደው ውበት ግማሹ የእሱ ነው።

ምላሽ 19 ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ገባ። በእኛ አገር ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ይገዛል አለ። ፎቶግራፍም እንደ ሙዚቃው ጥበቃ አለው፤ የፎቶ ኢኮኖሚያዊ መብት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ከገንዘቡ ሌላ ደግሞ የሠሪው ስም የመነሳት መብት አለ። ስለዚህ ልጆቹ ከጓደኛቸው ጋር በወረቀት ይዋዋሉ፤ ለአልበሙ ብቻ ነው ወይስ ለፖስተርም፣ ለቲሸርትም የሚለው ተለይቶ ይጻፍ አለ። ጓደኛሞች ነን ማለት ውል አይሆንም።

ምላሽ 20 የምላሽ 8 ባለቤት ነው፤ ተመልሶ መጣ። አሁንም አልበረደለትም። ለአንዲት ፎቶ ውል፣ ለአንዲት ፎቶ ስም፣ ነገ ደግሞ ሻይ ያፈላው ሰው ስም ይጻፍ ልትሉ ነው አለ። ምላሽ 21 ሰደበው፤ ስድቡን ስላነሳሁት እዚህ አልደግመውም። ምላሽ 22 የካሴት ቤቱ አባት ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ገሠጹ። ለምላሽ 20 በተለይ እንዲህ አሉት፦ እሳቸው በሕይወታቸው ሙሉ የሸጡት ሽፋን ጭምር ነው፤ ደንበኛው ድምፁን ከመስማቱ በፊት የወደደው ያንን ወረቀት ነው፤ እንጀራ ያበላቸውን ሰው ስም ባለማወቃቸው ዛሬ ያዝናሉ። ልጁ መልስ አልሰጣቸውም። እሳቸውን ያከበረ መሰለኝ።

ምላሽ 23 ፎቶውን ያነሳችው ልጅ ራሷ ነች። እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀችም። በሩ የአጎቷ ሱቅ በር ነው። ብርሃኑ የወጣው አጎቷ ውስጥ ሆነው ሒሳብ ሲሠሩ ነው። ስሟ እንዲጻፍ ትፈልጋለች፤ በደንብ በሚነበብ ፊደል። የዲዛይነሯንም ምክር ሞክራዋለች፤ ጨለማውን ስትቆርጠው እውነትም ብርሃኑ ጎልቶ ወጣ።

ምላሽ 24 ወንድሜ ነው። ከሰውዬው ጋር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። የድምፃዊቷ ፎቶ ለፖስተሩ ይሆናል፤ ሽፋኑ ላይ በሩ ይወጣል። የፎቶ አንሺዋ ስም ከኋላ፣ ከአቀናባሪው ስም ቀጥሎ በእኩል ፊደል ይጻፋል። ሰውዬው በዚህ ተስማምተዋል፤ የባንዱ ስም ግን ከፊት ይቅር የሚለውን አልተቀበሉም። በትንሹ፣ ከበሩ በላይ ይጻፋል። ዲዛይነሯ ምላሽ 25 ላይ ፊደሉ ነጭ ከሆነ ውፍረቱን እንዳያቀጥኑት አስጠነቀቀች፤ ፋይሉም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እንዲላክላት ጠየቀች። ወንድሜ ዛሬ ማታ ይልክላታል።